«ጥፋት የለብኝም» ማለት የሚያድነው መቼ ነው?

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠናል። ሁለቱ የቢዝነስ ትምህርት ተማሪዎች የላኳቸው ሲሆኑ ሦስተኛው በንግድ ሥራ ላይ ካሉ አንባቢ የመጣ ነው። ጉዳያቸው ቢለያይም ሦስቱም የሚጠይቁት ከውል ስለሚመነጭ ኃላፊነትና ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ነው።

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር የቢዝነስ ማኔጅመንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የንግድ ሕግ መምህራችን የሚከተለውን ጉዳይ ለውይይት ሰጡን። የአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት ለአዲስ ካፌ 60 ወንበሮችና 15 ጠረጴዛዎች ሠርቶ እስከ የካቲት 1 ቀን ለማስረከብ ተስማማ። ነገር ግን የእንጨት ዋጋ በመናሩና መብራት በተደጋጋሚ በመጥፋቱ ያስረከበው የካቲት 24 ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ካፌው በኪራይ ወንበር ሲሠራ ቆይቷል፤ ባለቤቷ እንደሚሉትም በዚሁ ምክንያት አንድ ትልቅ የምረቃ ድግስ አምልጧቸዋል። በርክክቡ ዕለት ደግሞ የእንጨት ሥራ ድርጅቱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ተሸክሞ ሲገባ አዳልጦት፣ በሩ አጠገብ ቡና ይጠጣ በነበረ ደንበኛ እግር ላይ ስለጣለው ሰውየው አጥንቱ ተሰበረ። ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ባለቤቱ ጥፋት ስለሌለበት በምንም አይጠየቅም አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ መዘግየቱም አደጋውም ቸልተኝነት ስለሆነ በሁለቱም ይጠየቃል አልን። የትኛው ወገን ትክክል ነው?»

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለቱም «ጥፋት አለ ወይስ የለም?» ከሚለው ተነሡ። መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን «በተከራካሪዎቹ መካከል ውል አለ ወይስ የለም?» የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለቱን ጉዳዮች በተለያየ ክፍል አስቀምጧቸዋል። ስለ ውሎች በጠቅላላው የሚደነግገው ክፍል ከቁጥር 1675 ይጀምራል፤ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ደግሞ ከቁጥር 2027 ይቀጥላል። ድንበሩን የሚያሰምረው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሳያዩት የሚያልፉት ቁጥር 2037 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት የውል ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው በዚህ ብቻ ከውል ውጭ የሆነ ጥፋት እንደሠራ አይቆጠርም፤ ተፈጻሚ የሚሆኑትም ስለ ውል አለመፈጸም የተጻፉት ድንጋጌዎች ናቸው። ስለዚህ መምህራችሁ የሰጧችሁ በአንድ ታሪክ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ጉዳዮችን ነው፤ የካፌው ባለቤትና የእንጨት ሥራው ባለቤት በውል ሕግ ይዳኛሉ፤ እግሩ የተሰበረው ሰውና የእንጨት ሥራው ባለቤት ግን ከውል ውጭ ባለው ሕግ።

ከመዘግየቱ እንጀምር። ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረግ ስምምነት እንደ ቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚባል ዓይነት አይደለም፤ በቁጥር 1719 መሠረት ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። የጸና ውል ደግሞ በቁጥር 1731 እንደተጻፈው በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ያስገድዳል። አንደኛው ወገን ሳይፈጽም ሲቀር ሌላው እንዲፈጸምለት፣ ውሉ እንዲፈርስለት ወይም እንደ ሁኔታው ኪሣራ፣ ማለትም ለደረሰበት ጉዳት ካሣ፣ እንዲከፈለው የመጠየቅ መብት አለው። ስለ ሽያጭ የተጻፉ ልዩ ድንጋጌዎችም አሉ፤ ለጥያቄያችሁ ግን ጠቅላላው ክፍል ይበቃል።

የክፍላችሁ የመጀመሪያው ግማሽ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 1791 ውሉ ያልተፈጸመለት ወገን ኪሣራ ለመጠየቅ ባለዕዳው (ግዴታውን መፈጸም የነበረበት ወገን) ጥፋት መሥራቱን እንዲያስረዳ አያስገድደውም። ባለዕዳው ነፃ የሚወጣው እንዳይፈጽም ያገደው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል መሆኑን ራሱ ሲያስረዳ ነው። የእንጨት ሥራው ባለቤት ትጉ፣ ሐቀኛና ሌሊት ሳይቀር የሚሠራ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁሉ ግን ቃል ከገባው ቀን አያድነውም። የማስረዳቱ ሸክም በማን ላይ እንዳረፈ ካላስተዋላችሁ በፈተና ላይም በሥራ ላይም የምትደርሱበት መደምደሚያ የተገላቢጦሽ ይሆናል።

ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው በተለመደው አስተያየት አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል እና ግዴታውን ከመፈጸም ፍጹም የሚከለክል ነገር ሲደርስ ነው። ሁለቱ ነጥቦች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። የእንጨት ዋጋ መናርን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም፤ ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ወይም መቀነስን፣ በባለዕዳው ድርጅት ውስጥ የተነሣ የሥራ ማቆምንና ግዴታውን ይበልጥ ከባድ የሚያደርግ አዲስ ሕግ መውጣትን ከዐቅም በላይ ከሆኑ ነገሮች ውስጥ አያስገባቸውም። ቁጥር 1763ም ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ እንደጸና ይቀጥላል ይላል። ብዙ ተማሪዎች ይህ ጨካኝ ሕግ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ትርፉ የሠሪው እንደሆነ ሁሉ በናረ ጊዜ ጉዳቱም የእርሱ ነው፤ ይህን የማይፈልግ ሰው በውሉ ላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ማስገባት ይችላል።

የመብራቱ ጉዳይ ጥቂት ማመዛዘን ይፈልጋል። በአንድ ከተማ መብራት በየሳምንቱ የሚጠፋ ከሆነ ሠሪው ውሉን ሲፈርም ያውቀው ነበር፤ የሚያውቀውን ነገር ደግሞ «አላሰብኩትም» ማለት አይችልም። ጄኔሬተር መከራየት ወይም የሌላ ሰው ማሽን ላይ ማሠራት የሚቻል ከነበረም መጥፋቱ ሥራውን አስወደደበት እንጂ ፍጹም አልከለከለውም። በጎርፍ ምክንያት የከተማው ኃይል ለሳምንታት ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለወጥ ነበር። ሕጉ ራሱ ወይም ውሉ ጥፋት መኖሩ እንዲረጋገጥ የሚጠይቅባቸው ውሎችም አሉ፤ ሐኪም ታካሚውን እንደሚያድነው ዋስትና ስለማይሰጥ የሕክምና ውል ከእነዚህ አንዱ ነው። ወንበር ሠርቶ ማስረከብ ግን ከነዚህ ውስጥ አይደለም።

የካፌዋ ባለቤት ይህን ሁሉ ይዘው እንኳ ሊሰናከሉ የሚችሉበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ማስጠንቀቂያ ነው። ቁጥር 1772 የውል አለመፈጸምን ለመጥቀስ የሚፈልግ ወገን አስቀድሞ ባለዕዳውን እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ መጠየቅ እንዳለበት ያዛል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ቁጥር 1775 ይዘረዝራል። ከእነርሱ አንዱ ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ እንዲፈጸም ታስቦ ጊዜው ሲያልፍ ነው፤ ሌላው ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ በውሉ ሲጻፍ ነው። «እስከ የካቲት 1» የሚለው ቃል ብቻውን ለመጀመሪያው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው የክርክር በር ስለሚከፍት፣ የካቲት 2 ቀን ጠዋት አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ይሻላል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለሠሪው ይሰጣል፣ በሌላው ላይ «አንድ ቅጂ ተቀብያለሁ» ብሎ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያኖር ይደረጋል። አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ይላክለታል። በየፍርድ ቤቱ ግቢ ስዘዋወር፣ ጠንካራ ክስ ይዘው ይህች አንዲት ወረቀት ጠፍታቸው የተንገላቱ ነጋዴዎችን አይቻለሁ፤ ለዚህ ነው ነገሩን ደጋግሜ የምጽፈው።

ኪሣራው ስንት ነው? ቁጥር 1799 ልኩን የሚወስነው ያለመፈጸሙ በተለመደው ሁኔታ በሚያደርሰው ጉዳት መጠን ነው። ካፌ ያለ ወንበር ስለማይሠራ የወንበር ኪራይ በትክክል እዚህ ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ አንዱ ወንበር በቀን 10 ብር ተከራይቶ ከሆነ 60ው ወንበር በቀን 600 ብር፣ በ23 ቀናት 13,800 ብር ይሆናል። ባለቤቷ ካፌውን ዘግተው ከመቀመጥ ይልቅ ወንበር መከራየታቸውም ሕጉ የሚፈልገው ነው፤ ቁጥር 1802 ተጎጂው ወገን ብዙ ችግርና ወጪ በማያመጣ መንገድ ጉዳቱን እንዲቀንስ ያዛል። ያመለጣቸው የምረቃ ድግስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሠሪው ከተለመደው በላይ ለሆነ ጉዳት የሚጠየቀው በቁጥር 1801 መሠረት ውሉ ሲደረግ ልዩ ሁኔታው ተነግሮት እንደነበረ ሲረጋገጥ ነው። ባለቤቷ «የካቲት 10 የምረቃ ድግስ ተቀብያለሁ፤ ወንበሩ ለዚያ ነው የሚያስፈልገኝ» ብለው በውሉ ላይ አንዲት መስመር ጽፈው ከሆነ ጥያቄያቸው መሠረት አለው። ድግሱን ሠሪው የሰማው ካለፈ በኋላ ከሆነ ግን የማግኘት ተስፋቸው የመነመነ ነው።

አሁን ወደተጎዳው ደንበኛ እንምጣ። እርሱ ከእንጨት ሥራው ድርጅት ጋር ምንም ውል የለውም፤ ስለዚህ ወንበሩ ቢዘገይ ባይዘገይ አይመለከተውም። የእርሱ መነሻ ቁጥር 2028 ነው፤ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ኪሣራ ይከፍላል። ጥፋት ማለት አስቦ ማድረግ ብቻ እንዳልሆነ ቁጥር 2029 ይናገራል፤ ቸልተኝነትም፣ መደረግ ያለበትን አለማድረግም ጥፋት ነው። መመዘኛው ልባም ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ያደርግ የነበረው ነገር ነው። ልባም ሠራተኛ ከባድ ጠረጴዛ ተሸክሞ ሰው ወደተቀመጠበት በር ሲገባ «ዞር በሉልኝ» ይላል፤ ወለሉ እርጥብ መሆኑን ያያል፤ ክብደቱ ከዐቅሙ በላይ ከሆነ ረዳት ይጠራል። እዚህ የሁለተኛው ግማሽ ክፍላችሁ ሐሳብ ትክክል ነው፤ ግን ስለ አደጋው ብቻ። በዚህ ላይ ሕጋችን ጥፋት ባይኖር እንኳ በሌላ ሰው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰን ሰው ኃላፊ የሚያደርግበት ሁኔታ እንዳለ አትርሱ።

ባለቤቱ በስፍራው ባይኖርም በቁጥር 2130 መሠረት ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ተጎጂው አሠሪውንም ሠራተኛውንም ሊከስ ይችላል። ጠረጴዛውን የተሸከሙት በካፌው ደጃፍ የተገኙ ጫኝና አውራጆች ቢሆኑ ኖሮ ግን ጥያቄው ማን አዘዛቸው፣ በማን ሥልጣን ሥር ሆነው ሠሩ ወደሚለው ይዞራል፤ በራሱ ነፃነት የሚሠራ ሰው ላጠፋው ጥፋት ያሠራው ሰው አይጠየቅምና። ደንበኛው «ተነሥልኝ» እየተባለ አልነሣም ብሎ ከሆነም ዳኞች በቁጥር 2098 መሠረት የእርሱን ድርሻ አስልተው ካሣውን ይቀንሱታል።

ሁለቱ መንገዶች በይርጋም፣ ማለትም ክስ ማቅረብ በሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ይለያያሉ፤ ይህ ልዩነት ከሁሉም በላይ ሰው ይጎዳል። ለውል ክስ ጠቅላላው ጊዜ በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ግን ቁጥር 2143 የሚሰጠው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ጊዜ ይሠራል። እግሩ የተሰበረው ሰው «በሽምግልና እንጨርሳለን» እየተባለ ሁለት ዓመት ቢያልፍበት መብቱን ሊያጣ ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጥንድ ደህና ጫማ አይገዛም። ይህ ቁጥር መሻሻል አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እስኪሻሻል ድረስ ግን በመልስ ወረቀታችሁ ላይ የምትጽፉት ያለውን ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ «የማርኬቲንግ ተማሪ ነኝ። የምንማርበት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ስለ ቸልተኝነት ሲያስተምር የዶናሂውና የስቲቨንሰንን ጉዳይ ይጠቅሳል። ይህ ፍርድ በኢትዮጵያ ይሠራል? በፈተና ላይ ብጠቅሰው ስሕተት ነው?»

መልስ፦ መጥቀስዎ ስሕተት አይሆንም፤ «በዚህ ፍርድ መሠረት ተከሳሹ ይጠየቃል» ብለው መደምደምዎ ግን ስሕተት ነው። ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። በ1928 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ አንዲት ሴት ካፌ ውስጥ ጓደኛዋ የገዛችላትን ጂንጀር ቢር የተባለ መጠጥ ከፊሉን ጠጣች። የቀረው ሲቀዳ ከጠርሙሱ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ፣ በዚህም ታመምኩ ብላ ከሰሰች። መጠጡን የገዛችው ጓደኛዋ ስለነበረች ከካፌው ጋር ውል አልነበራትም፤ ስለዚህ ክሷን በአምራቹ ላይ አቀረበች። በዚያን ጊዜ የብሪታንያ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት በ1932 እ.ኤ.አ. በሦስት ለሁለት ድምፅ፣ አምራች ውል ለሌለው የመጨረሻ ተጠቃሚም የጥንቃቄ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ሎርድ አትኪንም በድርጊታችን ሊጎዱ እንደሚችሉ ልናስባቸው የሚገቡን ሰዎች በሕግ ዓይን «ባልንጀሮቻችን» ናቸው የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት በዚሁ ፍርድ ነው። ክርክሩ በሕግ ነጥቡ ላይ ስለተወሰነ ቀንድ አውጣው በእርግጥ በጠርሙሱ ውስጥ መኖሩ በማስረጃ ሳይረጋገጥ ቀርቷል።

እኛ ዘንድ የሌላ አገር ፍርድ አያስገድድም። የሥር ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድደው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ነው፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የተጀመረና በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የቀጠለ ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሕጋችን ከዚያ ፍርድ አንድ እርምጃ ርቆ መሄዱ ነው። ስኮትላንዳዊቷ የአምራቹን ቸልተኝነት ማስረዳት ነበረባት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085 ግን ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብን ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ኃላፊነቱ የሚቀረው ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል ሲሆን ነው። እስቲ ይህን በፔዝሊው ጠርሙስ ላይ ይሞክሩት። መጠጡ የነበረው ውስጡን በማያሳይ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ጠጪዋ የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ ቀንድ አውጣውን ልታየው አትችልም ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ እኛ ዘንድ ቢነሣ አምራቹ «ፋብሪካዬ ንጹሕ ነው፣ ጥንቃቄዬ ሙሉ ነው» ማለቱ አይጠቅመውም። መጠጡ ውስጡን በሚያሳይ ነጭ ጠርሙስ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይከብድባት ነበር። በፈተና ላይ ሁለቱን ሕጎች እንዲህ አነጻጽረው ቢጽፉ መምህርዎ የሚደሰቱ ይመስለኛል፤ እኔ ብሆን እደሰታለሁ።

ጥያቄ፦ «በአዳማ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ያገለገለ የኦቨርሎክ ማሽን በ45,000 ብር ለመግዛት ተስማምቼ 15,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ሻጩም በደረሰኝ ጀርባ ላይ ‹በቀብድ 15,000 ብር ተቀብያለሁ› ብሎ ፈርሞልኛል። በሳምንቱ ማሽኑን ለሌላ ሰው በ55,000 ብር ሸጠውና ‹እንካ ገንዘብህን፣ አልበላሁብህም› ብሎ 15,000 ብሩን ሊመልስልኝ መጣ። ልቀበለው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሒሳቡ ተዘግቷል የሚል ወረቀት ፈርመው አይቀበሉት። ቀብድ በሕጋችን ከተራ ቅድሚያ ክፍያ የተለየ ትርጉም አለው። ቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ከውሉ ሊወጣ እንደሚችልና የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊወጣ እንደሚችል ይደነግጋል። እርስዎ ሐሳብዎን ለውጠው ቢሆን ኖሮ 15,000 ብሩ ይቀርብዎት ነበር፤ ሐሳቡን የለወጠው ሻጩ ስለሆነ የሚመልስልዎ 30,000 ብር ነው። እዚህም «አልበላሁብህም» ማለቱ አያድነውም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ከውሉ የወጣው ማን ነው ብሎ ነው። ማሽኑን በ10,000 ብር ብልጫ በመሸጡ ያተረፈ መስሎት ከነበረ፣ እጥፉን ሲመልስ 5,000 ብር ከስሯል።

ጥንካሬዎ ያለው በዚያች ደረሰኝ ጀርባ ላይ ባለችው «ቀብድ» በምትል ቃል ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለመጽሐፍ መደርደሪያ ለአንድ አናጢ ገንዘብ ስሰጥ ወረቀቱ ላይ የጻፍነው «ለሥራ ማስጀመሪያ የተሰጠ» የሚል ነበር። ሰውየው ሥራውን ትቶ ሲሄድ እጥፉን ልጠይቅ ብል፣ የሰጠሁት ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ከፊል ክፍያ ነው የሚለው ራሱ ክርክር ሆነብኝ፤ በመጨረሻ የሰጠሁትን ብቻ ተቀብዬ ተለያየን። ሕግ እያስተማርኩ ያንን ቃል ሳልጽፍ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእርስዎን ወረቀት ፎቶ ያንሡትና ዋናውን በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ የማሽን ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ስለማያስገድድ ምስክር አልፈረመበትም ተብሎ ውድቅ አይሆንም። ከዚያም 30,000 ብሩን በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፍልዎ በጽሑፍ ይጠይቁት። ወደፊት ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር የሚልኩ ከሆነ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የኦቨርሎክ ማሽን ግዢ ቀብድ» ብለው ይጻፉ።